«እንኳን ደህና መጣችሁ» ብዬ የጻፍኩባት ቀፎ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ መስቀል አልፎ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓቱን እንዲህ አጥርቼ የማስታውሰው ጭንቅላቴ ጎበዝ ሆኖ አይደለም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ለሁለት ቀን ከንፈሬ አብጦ ማውራት ስላቃተኝ ነው። እኔ ለሁለት ቀን ዝም አልኩ ማለት ለእንጅባራ ሰው ትልቅ ዜና ነው፤ ወሬው ዳንግላ ሳይደርስ አልቀረም።

አሁንም ቢሆን ዝንብ በጆሮዬ በኩል ሽው ስትል ራሴን በሁለት እጄ እሸፍናለሁ። ግን ነገሩ ከአእምሮዬ ያልወጣው በንቡ ብቻ አይደለም። ያን ቀን በገዛ አማቴ ላይ የፈጸምኩት ሥራ አለ። እሱን ሳስብ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

በመጀመሪያ ስለ ራሴ ላውራ። ደምሴ እባላለሁ። ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። እንጅባራን ቆሰበርም እንላታለን፤ ከቆሰበር መግቢያ እስከ መውጫ ካሉት ታፔላዎች ግማሾቹ የእኔ እጅ ሥራ ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ባለቤቶቹ ስላልጠሩኝ አያምሩም። በዚህ ሥራ ላይ ሁልጊዜ የሚተርፍ ነገር ቢኖር ቀለም ነው። አንድ ቀን ስልኬ ላይ የባዕድ አገር ሰዎች አሮጌ ዕቃ ቀለም ቀብተው፣ አበባ ተክለው ግቢያቸውን ሲያስውቡ አየሁ። ቀለም አለኝ። አሮጌ ዕቃም አለኝ። ታዲያ ምን እጠብቃለሁ?

በማንቆርቆሪያ ጀመርኩ። ታችዋን በሚስማር በሳሳሁ፣ ቀይ ቀባኋት፣ አበባ ተከልኩባትና በረንዳው ላይ ሰቀልኳት። እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ የተኳለች ሙሽራ መሰለች። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመኝ ጠፋ። ቢጫ ጀሪካኖቹን ለሁለት ለሁለት ሰነጠቅኳቸው። የተሸነቆረውን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አጥሩ ላይ ገጠምኩት። ሁለት የአይሱዙ ጎማ ደራርቤ፣ በገመድ ጠምጥሜ ወንበር ሠራሁ። የተቃጠለውን ቴሌቪዥን ሆድ ዕቃውን አውጥቼ ጽጌረዳ ተከልኩበት፤ ጎረቤቶቼ ሲያልፉ «አያ ደምሴ፣ ዛሬ ምን ይተላለፋል?» እያሉ ይስቁብኛል። «ያው እንደ ትናንቱ ጽጌረዳ ነው፤ ግን ዛሬ ፈክቷል» እላቸዋለሁ።

ባለቤቴ ይታይሽ ግን አልሳቀችም። ጣሳ ትፈልጋለች፤ ጣሳው ውስጥ አበባ አለ። ባልዲ ትፈልጋለች፤ ባልዲው ታቹ ተበስቷል።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብዬ አንድ ቦታ ከተቀመጥኩ እኔም ላይ ትተክልብኛለህ!» አለችኝ አንድ ቀን።

«አንቺማ ራስሽ አበባ ነሽ» ብዬ አመለጥኩ።

አማቴ እማማ ውዴ ከአዘና ማዶ ካለው ገጠር ወደ እኛ የመጡት ያኔ ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል። ባለቤታቸው አባባ ጥሩነህ ካረፉ ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ልጃቸው አለኸኝ «ብቻዋን እዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ዝም ብላ ግድግዳ ታያለች፤ እናንተ ጋ ትቆይ» ብሎ አመጣቸው። ላሙንም እህሉንም ትተው የመጡት ሁለት ነገር ብቻ ይዘው ነው። አንድ የልብስ ጥቅል፤ እና ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ በገመድ ታስራ የወረደች አንዲት ቀፎ።

ቀፎዋ ከቀርከሃ የተሠራች፣ በእበት የተለሰነች፣ ሁለት ክንድ የማትሞላ ነበረች። አባባ ጥሩነህ በእጃቸው የሠሯት መሆኗን አለኸኝ ሲያወርዳት ነግሮኛል። እማማ ውዴ ከአልጋቸው ጀርባ አቆሟት። እንግዲህ እኔ የደጀን ልጅ ነኝ፤ ከንብ ጋር ያለኝ ዝምድና በማር በኩል ብቻ ነው። ከአገው ልጅ ጋር ሃያ አምስት ዓመት ኖሬ ከቋንቋቸው ከአዊኛም ያወቅሁት ሰላምታውንና የምግቡን ስም ነው። ለእኔ ያቺ ቀፎ ከአልጋ ጀርባ የተወሸቀች አሮጌ ዕቃ ነበረች። አሮጌ ዕቃ ደግሞ ሳይ እጄ እንደሚያሳክከኝ አይታችኋል።

እማማ ውዴ በዚያ ሁሉ ክረምት ከአሥር ቃል በላይ የተናገሩ አይመስለኝም። ቀልዴን ሁሉ ሞከርኩባቸው። ጅብ ሱሪ ለብሶ ሲሄድ አየሁ ብል እንኳ «እሺ ልጄ» ይላሉ። ይበላሉ፤ ይጸልያሉ፤ ይተኛሉ። ይታይሽ አንዳንዴ ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። «እናቴ በቁሟ እየሄደች ነው» ትለኛለች።

መስቀል ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ እማማ ውዴ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ ያቺን ቀፎ ከአልጋው ጀርባ መዘዝኳት። አልጠየቅኳቸውም። ደስ ላሰኛቸው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እውነቱን ለመናገር ግን እጄ ስላሳከከኝ ነው። ቢጫ ቀባኋት። ዙሪያዋን አረንጓዴ ሐረግ ሳልኩባት። ከፊት ለፊቷ፣ ከመግቢያ ቀዳዳዋ በላይ፣ በቀይ ቀለም አምሮ በሚታይ ፊደል «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብዬ ጻፍኩባት። ይህን ዓረፍተ ነገር ለሆቴል ለሠርግ ለስብሰባ ከመጻፌ ብዛት እጄ ከእኔ ሳይማከር ይጽፈዋል። ከዚያ ከበረንዳው ጥግ፣ ከጎማው ወንበር በላይ፣ ከጣሪያው ማገር ላይ በሽቦ አንጠለጠልኳት።

እማማ ውዴ ሲመለሱ ከበሩ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን እንኳ አላወረዱም። ቀና ብለው አዩዋት፤ ቆዩ። እኔ ከታች እጄን አጣጥፌ እንደ ተማሪ ውጤት እጠብቃለሁ።

«ይች የጥሩነህ ቀፎ አይደለችም?» አሉ።

«ናት እማማ! አላማረችም?»

«አየሁ። ምን ልታደርጋት ነው?»

«ጀርባዋን በመጋዝ ከፍቼ፣ አፈር ሞልቼ አበባ እተክልባታለሁ። ወደ ታች የሚንዠረገገውን ዓይነት። ያን ጊዜ ይዩዋት!»

ፊታቸው ላይ ምንም ነገር አልነበረም፤ እኔም ምንም ነገር ስላላየሁ ደህና ነው አልኩ። ሞኝ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያስበው።

«ዛሬ ትከፍታታለህ?»

«ነገ።»

«እስከ ቅዳሜ ተዋት። ከቅዳሜ በኋላ እንደ ወደድክ።» ቀጥለውም «ፊቷን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙርልኝ» አሉ።

አዞርኳት። ለይታይሽም «እናትሽ የግቢ ማስዋብ ነገር ይገባቸዋል እኮ፤ ፊደሉ የጠዋት ፀሐይ እንዲያገኘው ፈልገው ነው» አልኳት። ክረምቱን ሙሉ ዝም ያሉት ሴትዮ በአንድ ቀን ይህን ያህል ማውራታቸው ለእኔ የሥራዬ ውጤት ነበር። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

በዚያ ሳምንት ሦስት ነገር አስተውያለሁ፤ ሦስቱንም በስህተት ነው የተረዳሁት። አንደኛ፣ ከሥራ ስመለስ በረንዳው የወይራ ጭስ ይሸታል። የወተት ዕቃ ያጠኑ ይሆናል አልኩ፤ ቤታችን ውስጥ ላም እንደሌለች አላስታወስኩም። ሁለተኛ፣ ይታይሽን ከገበያ ቁራጭ ሰም አስገዟት። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ነው አልን። ሦስተኛ፣ ዓርብ ዕለት አሥር የሚሆኑ ንቦች በቀፎዋ ቀዳዳ ሲገቡ ሲወጡ አየሁ። ይህንንማ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁት፤ «የሳልኩት ሐረግ እውነተኛ መስሏቸው ንቦች ሊቀስሙት መጡ!» ብዬ።

ቅዳሜ ደረሰ። ይታይሽ ገበያ ወጣች። እማማ ውዴ ከማለዳ ጀምረው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከቀፎዋ ሥር፣ ከጎማው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔ መሰላሉን አስደገፍኩ፤ መጋዜን ያዝኩ። መጋዟ ከተገዛች ወር ያልሞላት፣ ጥርሷ የሚያብለጨልጭ አዲስ ነበረች።

«እማማ፣ ቅዳሜ ደረሰ።»

«ደረሰ።»

«እንግዲህ ልክፈታት?»

ሰማዩን አዩ። «ምን ያስቸኩልሃል? ቁርስህን ብላ።»

«በልቻለሁ።»

«ድገም።»

«ኧረ እማማ፣ ብደግም መሰላሉ አይችለኝም!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ የሚሉ ሰው አልነበሩም። አሁንም ወደ ሰማይ፣ ከአጥራችን ማዶ መጭ በሚሉት የዱር አበባ ቢጫ ወደሆነው መስክ ይመለከታሉ። እኔ ግን የቸኮለ ሰው ነበርኩ። ወጣሁ። ግራ እጄን ቀፎዋ ላይ አሳረፍኩ፤ በቀኜ መጋዙን ጀርባዋ ላይ አስቀመጥኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ አደረግሁ። ከእበቱ ላይ ትንሽ ዱቄት ረገፈ።

ያን ጊዜ ድምፁ መጣ።

መጀመሪያ አይሱዙ ዳገት ሲወጣ መሰለኝ። ቀጥሎ ሁለት አይሱዙ። ቀና ስል ከመስኩ በኩል አንድ ጥቁር ነገር በአጥሩ ላይ ተንከባሎ መጣ። ደመና እንዳልለው ይጮኻል፤ ጭስ እንዳልለው ይሽከረከራል። ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ነው። ከቆሰበር እስከ አዲስ ቅዳም ያለው ንብ ሁሉ ያን ጽሑፍ አንብቦ የመጣ ነው የሚመስለው። ስንት ንብ ነበር ብትሉኝ አንድ ሚሊዮን እላችኋለሁ፤ ይታይሽ ከጎኔ ሆና «ቀንስ» ትለኛለች፤ እሺ፣ ዘጠኝ መቶ ሺህ ይሁን።

መጋዙ ከእጄ ወደቀ። እኔም ተከተልኩት። መሰላሉን በእግሬ ይሁን በጀርባዬ ወረድኩት አላውቅም። አንዷ ጆሮዬን፣ አንዷ ማጅራቴን፣ አንዷ ከንፈሬን አገኘችኝ። ቤት ገባሁ፤ በሩን ድርግም አድርጌ ዘጋሁ፤ ቀረቀርኩ፤ ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት ጋቢ ወሸቅኩ። ከዚያ በኋላ ነው፣ ጋቢውን ስወሽቅ፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው ትዝ ያለኝ።

እማማ ውዴ ውጭ ናቸው።

የሰባ ዓመት አማቴን ከንብ መንጋ ጋር ውጭ ጥዬ በሩን የቀረቀርኩት እኔ ነኝ። ቀልዴ እዚህ ላይ አይሠራም።

በመስኮት አየሁ። ምነው ባላየሁ ኖሮ። እማማ ውዴ ከጎማው ወንበር ላይ እንደ ነበሩ ናቸው፤ ግን ነጩ ጋቢ ጥቁር ቡናማ ሆኗል። ከቀኝ ትከሻቸው እስከ ክርናቸው አንድ ትልቅ የሚንቀሳቀስ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ንብ በንብ ላይ፣ እንደ ጥቁር የበግ ለምድ። ፊታቸው ዙሪያ ይርመሰመሳል። እሳቸው አይንቀሳቀሱም። አይጮኹም። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ዓይናቸው ተጨፍኗል።

«ሞተዋል» አልኩ ጮክ ብዬ። ባዶ ቤት ውስጥ ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

ስልኬን አነሳሁ። መጀመሪያ ለይታይሽ ደወልኩ፤ ስልኳ ከአልጋው ትራስ ሥር ጮኸ። ቀጥሎ ለአለኸኝ ደወልኩ። እሱ ንብ አርቢ ነው፤ መላ አያጣም።

«አለኸኝ! እናትህን ንብ ወረራቸው!»

ሳቀ። በእግዚአብሔር ስም፣ ከልቡ ሳቀ። «አያ ደምሴ፣ ባለፈው ወር እናትህ ባጃጅ መንዳት ጀመረች ብለህ ከእርሻ አስሩጠኸኛል። አሁንስ አልመጣም።»

«ወንድሜ እየቀለድኩ አይደለም! ከንፈሬ አብጧል፣ ስማኝ እስቲ እንዴት እንደማወራ!»

«ጥሩ ትጫወታለህ። ደግሞም እናቴን ንብ አይነካትም» አለና ዘጋው።

ስንት ዓመት የዘራሁት ቀልድ በዚያች ደቂቃ ታጭዶ እጄ ላይ ተቀመጠ። ሌላ የምደውልለት ሰው አሰብኩ፤ ከማውቃቸው ሁሉ ያልቀለድኩበት አንድም ሰው አጣሁ።

ስለዚህ መውጣት ነበረብኝ። አልጋችን ላይ ያለውን አጎበር ነቅዬ ተከናነብኩ። ትልቁን ድስት ራሴ ላይ ደፋሁ። ለምን ድስት ብትሉኝ አላውቅም፤ ጦር ሜዳ የምሄድ መስሎኝ ይሆናል። በሩን ከፈትኩ። እግሬ አልታዘዝ ቢለኝም አንዱን እየተሳደብኩ፣ ሌላውን እየለመንኩ አራት እርምጃ ያህል ተራመድኩ።

«እማማ» አልኩ በሹክሹክታ። «እማማ፣ አሉ?»

አንድ ዓይን ተከፈተ።

እኔን እንግዲህ በሕይወቴ ብዙ ነገር አስደንግጦኛል፤ እንዲህ ያለ ድንጋጤ ግን አላውቅም። ድስቱ ራሴ ላይ እንደ ደወል አቃጨለ።

«አትሩጥ» አሉ፤ ከንፈራቸው ብዙም ሳይንቀሳቀስ። «ጠግበው ነው የመጡት፤ ካልነካሃቸው አይነኩህም። መንገድ ላይ ጋሪ ይሰማኛል። ፈረሱ ሳይደነግጥ እለፍ በለው።»

እውነትም አንድ ባለ ጋሪ ከአጥራችን ውጭ ቆሞ ጉድ ያያል። በአጥሩ ላይ ብቅ ብዬ «እለፍ! ንብ ነው!» አልኩት። ሰውየው ንቡን አላየም፤ ያየው አጎበር የለበሰ፣ ድስት የደፋ፣ ከንፈሩ እንደ ሳምቡሳ ያበጠ ሰው ነው። ፈረሱ ከእሱ ቀድሞ ገባው፤ ሽምጥ ይዞት ጠፋ።

«ውኃ አምጣ» አሉኝ ስመለስ። «ርጭ ርጭ አድርግላቸው፤ እንዲረጋጉ።»

ጣሳ አነሳሁ፤ አበባ አለበት። ማንቆርቆሪያዋን አወረድኩ፤ ታችዋ ወንፊት ነው። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሳፋ፤ እኔ ያልበሳሁት ዕቃ በዚያ ግቢ አልነበረም። አማቴ ንብ ተሸክመው ይጠብቁኛል፤ እኔ ውኃ የሚይዝ ዕቃ ፍለጋ እንደ ዶሮ እዞራለሁ። በመጨረሻ ድስቱን ከራሴ አውርጄ በእሱ ቀዳሁ። በእጄ ረጨሁላቸው፤ በጣም በቀስታ፣ ጠበል እንደሚረጭ ቄስ።

«አሁን መሰላሉን አስጠጋ። እወጣለሁ።»

«እማማ! በዚህ ዕድሜዎ? እኔ ልውጣ...»

«አንተ አንድ ጊዜ ወጥተህ አየንህ እኮ» አሉ።

መሰላሉን ያዝኩ። እማማ ውዴ ያን ሁሉ ንብ በትከሻቸው ይዘው ብድግ አሉ። በየደረጃው እያረፉ ሦስት ደረጃ ወጡ። እግራቸው ፊቴ ትይዩ ነው። ንቦቹ ከጋቢያቸው ጫፍ እየረገፉ በእጄ ላይ፣ በአጎበሩ ላይ፣ በአንገቴ ላይ ይሄዳሉ። ንብ በአንገታችሁ ላይ ሲሄድ እግሮቹን አንድ በአንድ ነው የምትቆጥሩት። መሰላሉን ብለቅ አማቴ ይወድቃሉ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ጊዜ ጥዬ ሸሽቻለሁ፤ ሁለተኛ ግን እዚያው እሞታለሁ እንጂ አልለቅም አልኩ። አልለቀቅኩምም። በሕይወቴ ሳላጋንን የምናገረው ጀግንነት ይህ ብቻ ነው።

ከላይ ድምፃቸውን ሰማሁ። በአዊኛ ይናገራሉ፤ ዝግ ብለው፣ ትንሽ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። ለማን እንደሚናገሩ ለማየት አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። የጋቢያቸውን ጠርዝ ከቀፎዋ ቀዳዳ አፍ ላይ አስጠግተው ይዘዋል። ከመንጋው ጥቂቶቹ ገቡ። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ከዚያ ሁሉም፣ ቅዳሴ እንደሚገባ ሕዝብ እየተጋፉ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ከሚለው ጽሑፌ ሥር ገቡ። እማማ ውዴ ይናገራሉ፤ እኔ ምንም አይገባኝም። አንድ ቃል ብቻ ደጋግማ ስትመጣ ለየኋት። «ጥሩነህ»።

ለንቦቹ የባለቤታቸውን ስም እየነገሯቸው ነበር።

ሲወርዱ አንድም ቦታ አልተነደፉም። እኔ ሦስት ቦታ ተነድፌ እንደ ሊጥ አብጫለሁ። ከጎማው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አጠገባቸው መሬት ላይ ዘፍ አልኩ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ፤ ከከንፈሬ የወጣው ድምፅ ግን የሕፃን ነው። «ጥዬዎት ሸሸሁ። ያ የቀባሁት ቀለም፣ ያ የጻፍኩት ነገር ነው የጠራቸው። እኔ ነኝ ጥፋተኛው።»

አዩኝ። ከንፈሬን አዩ። እንደገና አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሁን ደግሞ ምን መጣ ብዬ ልነሳ ስል ገባኝ፤ እየሳቁ ነው። ያን ሁሉ ክረምት ጥርሳቸውን ያላየሁት አማቴ፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ይታይሽ ከገበያ ስትገባ ያገኘችን እንዲህ ሆነን ነው፤ እናቷ እየሳቁ፣ ባሏ አጎበር ለብሶ መሬት ላይ። ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ።

«ምን ሆናችሁ? እናቴ፣ ምንድነው?»

«ባልሽ» አሉ እማማ ውዴ ሳቃቸውን እየዋጡ፣ «ንብ ፊደል ያነባል ይለኛል!»

ከዚያ ሁሉንም አጫወቱን። እሑድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቀፎዋን ተቀብታ ሲያዩ ዱላ ፈልገው ነበር አሉ። ግን ወዲያው ንብ እንደሚጠብቅ ቀፎ ከፍ ብላ መሰቀሏን አስተዋሉ፤ ጊዜው ንብ የሚሰደድበት፣ መስኩ አበባ የሞላበት ነው። እስከ ቅዳሜ ያስጠበቁኝም ለዚህ ነው። ፊቷን ወደ ፀሐይ መውጫ ያስዞሩኝ ለዚህ ነው። እኔ ሥራ ስውል ወይራውን እያጨሱ የቀለሜን ሽታ አጠፉ፤ ሰሙን አቅልጠው ውስጧን ቀቡ፤ እስከ ዛሬ ስማቸውን ያልነገሩኝን ቅጠሎች አሹባት። ዓርብ ዕለት ሐረግ ሊቀስሙ የመጡ የመሰሉኝ አሥር ንቦች ቤት የሚያዩ መልእክተኞች ነበሩ። ከዚያ ወዲያ የቀራቸው አንድ ነገር ነው፤ መንጋው ከእኔ መጋዝ ይቅደም፣ ወይስ መጋዙ ከመንጋው።

«ንብ ያለባትን ቀፎ አይቆርጣትም ብዬ ነው» አሉ። «እነሱን የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም።»

«ታዲያ እማማ፣ አትንካት ቢሉኝ እተውልዎ አልነበር?» አልኩ።

«አትንካት ብዬህ ብትተዋት፣ ባዶዋን ከአልጋዬ ጀርባ ትመለስ ነበር።» ሳቃቸው ቆመ። «ጥሩነህ ታሞ ሳለ ነው የሠራት። እጁ እየተንቀጠቀጠ። ሠርቶ ጨረሳት፤ ንብ ሳይገባባት ሄደ። ባዶዋን ዓመት ሙሉ አየኋት።»

ይታይሽ እናቷን አቅፋ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ቀና ብዬ ያቺን ቢጫ ቀፎ አየሁ። ጀርባዋ ላይ የመጋዜ ጥርስ አንድ ጊዜ የሄደበት መስመር ይታያል፤ ጥልቀቱ ጥፍር አያህልም። አንድ ጊዜ ደግሜ ብስብ ኖሮ የሚለውን አሰብኩ። ከንቡ ይልቅ ያ መስመር ነው ያስደነገጠኝ። አሁንም ያስደነግጠኛል።

ማግስቱን አለኸኝ መጣ። ከንፈሬን አይቶ አመነ፤ ካመነ በኋላ ለመሳቅ ግማሽ ቀን ወሰደበት። እኔ መልስ መስጠት ስለማልችል ጎረቤቱ ሁሉ ያለፈውን ዕዳ ሊከፍለኝ ተሰልፎ መጣ። «አያ ደምሴ፣ ዛሬ በቴሌቪዥኑ ምን አለ?» ይሉኛል፤ እኔ «ምም» እላለሁ።

እማማ ውዴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ሆኑ። ጠዋት ተነስተው ቀፎዋን ያያሉ፤ ንቦቹ ከየት እንደመጡ፣ ምን አበባ እንደቀሰሙ ለይታይሽ ይነግሯታል። እኔን ይገሥጹኛል፤ ይቀልዱብኛል። በሰኔ የመጀመሪያውን ማር ሲቆርጡ ከሁሉ አስቀድመው ለእኔ ሰጡኝ፤ «ለከንፈርህ ካሳ» ብለው። አለኸኝም ሁለት ባዶ ቀፎ አመጣላቸው። አሁን ቀፎዎቹን ልቀባቸው ስፈልግ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። አሮጌ ዕቃ ሳይ እጄ አሁንም ያሳክከኛል፤ ግን አፌ ከእጄ በፊት «ይህ የማን ነበር?» ማለት ለምዷል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ያች አዲሷ መጋዜ። ያን ቅዳሜ ከእጄ ከወደቀች በኋላ ፈለግኋት፤ አጣኋት። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ከግቢው በር ላይ ቆምኩ። አጥሩ ላይ፣ ከሁሉም ጌጦቼ መሐል፣ መጋዜ ተሰቅላለች። ከራሴ ቆርቆሮ ቢጫ ቀለም ተቀብታለች፤ ጥርሶቿ መሐል ሐረግ ተጠምጥሞባታል። እማማ ውዴ ከጎማው ወንበር ላይ ሆነው ያዩኛል።

«እማማ፣ ይች መጋዝ እኮ አሮጌ አይደለችም» አልኳቸው።

«አሁን አረጀች» አሉ።

እስካሁን አላወረድኳትም። እንጨት መቁረጥ ሲያምረኝ ከጎረቤት እዋሳለሁ።